ችኩሏን አትዝሩብኝ

ግንቦት 3

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጥ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናሽ ሙሉ፣ ቤትሽ ሰላም ሆኖ፣ ባልሽ አናጢውም መዶሻውን ከጣቱ አርቆ የሚመታ ሰው ሆኖ ያግኝሽ። እኔ ክፉ የለብኝም። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

በስልክ የነገርሽኝን ሰምቻለሁ። ያን ቀን ብዙ መናገር አልቻልኩም፤ መስመሩም ይቆራረጥ ነበር። አሁንም ወረቀት ያነሳሁት ስለዚያ ልጽፍ አይደለም።

የማስቸግርሽ ስለ ችኩሏ ነው። እታለም በየዓመቱ ለዘር የምታስቀምጣትን ታውቂያታለሽ፤ ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ። እንዴት እንዳገኘቻት ግን አንቺ ያኔ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሺም። ከገበያ ገዝታ የዘራችው አኩሪ አተር ገና ለምለም ሳለ፣ መሀሉ ላይ ጥቂት እግር ብቻ ቀድመው ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ታመሙ ብሎ ይነቅላቸው ነበር። እሷ ከስፌት ሳጥኗ ቀይ ክር አውጥታ ግንዳቸው ላይ አሰረች፤ ሲደርሱም ፍሬያቸውን ለብቻ ለቀመች። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። እኔ «ይህ ሁሉ ቀይ ክር ምንድነው፣ ልትድሪያቸው ነው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ዘሯ ከዓመት ዓመት እየቀደመ ሄዶ፣ ሌላው ገና ሲያብብ እሷ ቤት የምትገባ ሆነች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

እና አደራሽን፣ ዘንድሮ አትዝሩብኝ። ለጎረቤትም አትስጡ። ለሚመጣው ዓመት ዝናብ እመጣለሁ፤ እሷ በዘራችበት ማሳ በገዛ እጄ እዘራታለሁ። እስከዚያ ጣሳውን ማንም እንዳይነካው። ለክዳኑ የሚሆን ፕላስተርና ለአንቺ አንድ ሹራብ በሰው ልኬያለሁ።

የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ።

አጎትሽ


ሰኔ 19

ለውድ ጋሼ፣

እርስዎን ካሉበት በሰላም ያዋለ እኛንም አይንፈገን። ባለቤቴም ሰላም ብሎዎታል፤ ስለ ጣቱ ስለተጨነቁለት ያመሰግናል፤ የዚህ ሳምንቱ ቁስል ግን ድኗል።

ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ለእኔም ለሌላ ሰውም ይበቃል። ከአገር ከወጡ ብዙ ጊዜ ስለሆነ ወፍራለች ብለው ገምተው ይሆናል፤ ሐሳቡ አስደስቶኛል።

ጣሳው ካለበት አልተነሳም። ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ግን ጋሼ፣ እማዬ ችኩሏን አንድም ዓመት ሳትዘራ ቀርታ አታውቅም። «ይቺ ስትቀመጥ ታኮርፋለች» ትል ነበር። እንደ በቆሎ አይደለችም፤ ፍሬዋ ቅባት ስለሚበዛው ሞቃት ቤት ውስጥ ዓመት ከቆየች ትደክማለች። ይህን የምጽፈው እርስዎን ላስተምር ብዬ አይደለም። አደራ ሲሉኝ ስለፈራሁ ነው።

ጎረቤቶቹ ሲመላለሱ ሰነበቱ። እማዬ በዚህ ሰሞን ለእያንዳንዱ ጭብጥ ጭብጥ አድርጋ ታድል ነበር፤ ዘሯ ስለማይቆይ በቤቱ የሚያስቀምጥ የለም፤ ሁሉም የለመዱት ከእሷ እጅ መውሰድ ነው። ራዲዮ፣ ያቺ ወሬ የማያመልጣት ጎረቤታችን፣ ሳህን ይዛ መጥታ ባዶውን ይዛ ተመለሰች። «ጋሼ ሊመጣ ነው» አልኳት። «እሱ እስኪመጣ ዝናቡ ይጠብቀዋል?» አለችኝ።

ሁሉም ረጅሙን ዘር ገዝተው ዘሩ፤ እኛም እሱኑ ዘራን። ያውቁታል፤ ወገብ ይደርሳል፣ ዛፍ ይመስላል፣ ፍሬውም ከችኩሏ ይበዛል። ዝናቡ እስከ መጨረሻው ከቆየለት ነው እንጂ።

ስለ እማዬ የመጨረሻ ሰሞን ይጠይቁኛል ብዬ ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቁኝም። እሺ፣ ሌላ ጊዜ።

ጤና ይስጥልን።

ድንቢጥ


መስከረም 2

ለድንቢጥ፣

የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የጀመርሽው ይሙላልሽ። መልሴ የዘገየው ፈረቃዬን ስላዘዋወሩት ነው። እንቅልፌም ከእኔ ጋር መዘዋወር እንቢ ብሏል።

የምሠራበትን ቦታ ነግሬሽ አላውቅም። ፋብሪካው ዘይት ይጨምቃል። መኪኖች አኩሪ አተር የሚገለብጡበት ጉድጓድ አፍ ላይ ነው የምቆመው። ጉድጓዱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ እኔ ፍርግርጉ ላይ የቀረውን በመጥረጊያ እየገፋሁ አስገባለሁ። ከእግሬ በታች ይፈረከሳል፣ እንደ ወረቀት ይዳመጣል፣ ዘይቱ ይወጣል። የቀረው ለዶሮ መኖ ይሄዳል፤ ከፊሉንም ዱቄት አድርገው ለዳቦ ጋጋሪዎች ይሸጡታል። ሁሉም አንድ መልክ ነው። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ከቤተሰብ ተቆጥሯል። በዚህ ሁሉ መሀል ቆሜ የማስበው ግን ስለዚያች አንዲት ጣሳ ነው።

ለሥራ ጓደኞቼ ስለ ችኩሏ አወራሁላቸው። ከጉልበት አትበልጥም፣ አጭር ስለሆነች ተጠጋግታ ነው የምትዘራው፣ ሦስት ወር ሳይሞላት ትደርሳለች፣ ሥሯም አፈሩን ስለሚያዳብረው ከእሷ ቀጥሎ የሚዘራው በቆሎ ያምራል አልኳቸው። አብሮኝ የሚኖረው ሹፌር «እቃስ ታጥባለች?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

የመሄጃ ፈቃዴን ጉዳይ አለቆቼ ይዘውልኛል። ቆዩ አሉኝ እንጂ አልከለከሉኝም። ጣሳውን ግን ከበሩ በላይ አንሺው፤ ባልሽ በር ሲዘጋ ቤቱ ይንቀጠቀጣል ብላ እታለም ጽፋልኝ ነበር። ከምድጃው አጠገብ ካለው ግድግዳ አስጠጊው፤ እርጥበት እንዳያገኘው።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎን፣ እንቅልፍዎንም ጭምር ይመልስልዎ።

ጣሳውን ከምድጃው አጠገብ አላደረግኩትም፤ ይቅር ይበሉኝ። ሙቀት ጠላቷ ነው። ቀዝቀዝ እንዲላት ብዬ አልጋዬ ሥር፣ ወለሉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እማዬ አንድ ጊዜ ሞቃት ቦታ አስቀምጣ የተቆጨችውን አስታውሳለሁ።

ክፉ ወሬ ልጽፍልዎ ነው። ዝናቡ መስከረም ሳይጋመስ ቆመ። ረጅሙ አኩሪ አተር ያኔ ገና አበባ ላይ ነበር። ቁመናውን ያየ ያደንቀዋል፤ ቅርፊቱን ሲከፍቱት ግን ውስጡ ጭምድድ ያለች ቆዳ ብቻ ናት። የእኛም የጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። ችኩሏን ዘርተን ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት ቅጠሏን አራግፋ ነበር። እኛም ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ እየነቀልናት ነበር፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ከነኳት ቅርፊቷ እየፈነዳ ፍሬዋን መሬት ላይ ስለምትበትን። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ማሳው ዳር ቆመው ማንም አልተናገረኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ራዲዮ ዘግታኛለች። የማታወራ ራዲዮ ምን እንደምትመስል ያስቡት።

እማዬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትሸጠው የነበረውን የአኩሪ አተር ወተት እስካሁን እኔ ይዤው ነበር። ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አጠልላለሁ፣ አፈላለሁ፤ ማጥለያው ላይ የቀረውን ቀቅዬ ለዶሮዎቹ። አሁን ፍሬውን ከገበያ መግዛት ስለከበደኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምወጣው። ልጆቹ «ዛሬም የለም?» እያሉ ያልፋሉ።

ጋሼ፣ ከጣሳው አሥር ፍሬ አውጥቼ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጌ ሞከርኳቸው። ስምንቱ ጅራት አወጡ። ለጊዜው በሕይወት አለች፤ እስከሚቀጥለው ክረምት መቆየቷን ግን እጠራጠራለሁ። ከቤቱ ኋላ ያለው ምንጭ አልደረቀም። እባክዎ፣ ከዚያ ውሃ እየቀዳሁ አንዲት ትንሽ መደብ ላይ ልዝራት። ለመብላት አይደለም፤ ዘሯን ለማደስ ያህል ነው። እርስዎ ሲመጡ ከእሷ ልጆች ይዘራሉ። አዎ ይበሉኝና ነገውኑ እጀምራለሁ።

ድንቢጥ


መጋቢት 28

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ ለመጻፍ ስቀመጥ ሌላ ሥራ እየታወሰኝ እነሳ ነበር። ካልሲዎቼን ሁሉ ሰፍቻለሁ።

ስለ መከሩ አዝኛለሁ። የምችለውን ልኬያለሁ፤ ፍሬ ግዥበት፣ ልጆቹም ወተታቸውን ያግኙ።

የጠየቅሽኝ ግን አይሆንም። ከመደቡ የምትለቅሚው ሌላ ዘር ነው። የሷ ልጅ ነው ትይኛለሽ፤ አውቃለሁ። እኔ ልጇን አይደለም የምፈልገው። ጣሳው ውስጥ ያለውን እታለም በጥፍሯ ፈልፍላ፣ በመዳፏ አበጥራ፣ የተነቀዘውን ለይታ ነው ያስገባችው። ከእጇ የቀረ ሌላ ምን አለ? ልብሷን እንኳ አድላችኋል። እሱን እኔ ነኝ የምዘራው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም፤ አንቺም ብትሆኚ።

ተቆጣሁ መሰለኝ። አንቺን አይደለም።

ፈቃዱን ሰጥተውኛል። ሰኔ ላይ እመጣለሁ። ማሳውን አሳርሰሽ ጠብቂኝ።

አጎትሽ


ነሐሴ 11

ለጋሼ፣

ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ምን እንደሆኑ የነገረን ሰው የለም።

ማሳውን ሁለት ጊዜ አሳረስነው። ባለቤቴ አልጋ ሠራልዎ፤ ቁመትዎን ስላላወቀ ረጅም አድርጎታል። ሰኔ ሙሉ መናኸሪያ ተመላለሰ፤ አውቶቡስ በገባ ቁጥር የሚወርዱትን ሽማግሌዎች እያስቆመ «የድንቢጥ አጎት ነዎት?» ይላቸው ነበር። አንዱ «አይደለሁም፤ ምሳ ካለ ግን እሆናለሁ» አለው። ይህን ሲነግረኝ ሳቅን። ሰኔ አለቀ። ሐምሌም ተጋመሰ። ዝናቡ ጥሩ ነበር ጋሼ። እንደ ዘንድሮ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም።

ዳግመኛ አሥር ፍሬ በጨርቅ አድርጌ ሞከርኩ። ሁለቱ ብቻ ነቁ፤ እነሱም ጅራታቸው ቡናማ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩዎትም። ፕላስተሩን ቀድጄ ከጣሳው ግማሹን ዘራሁ። ለስድብዎም ለቁጣዎም ተዘጋጅቻለሁ።

አልበቀለችም። ሳምንት ጠብቄ አፈሩን በጣቴ ስጭረው ፍሬው አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ጥቂቶች ብቅ ብለው ነበር፤ አንገታቸውን ማቅናት አልቻሉም፤ በማግስቱ ተኝተው አገኘኋቸው። ማሳው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማዬን ስንቀብር እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ያኔ ለሰው ወንበር ስፈልግ፣ ውሃ ሳቀርብ ነበር።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከዓመታት በፊት ከወሰዳችሁት ያስቀረ አለ ወይ ብዬ ለመንኩ። ራዲዮ በሩን ከፈተችልኝ። «እናትሽ እያለች ማን ያስቀምጣል?» አለችኝ። በጣሳው ከቀረው በቀር የትም የለችም።

ድንቢጥ


መስከረም 15

ለድንቢጥ፣

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ እንዴት እንደሆንሽ ጽፈሽልኛል።

አልቆጣሁም። የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ፈቃዱን ሰጥተውኝ ነበር፤ አልዋሸሁሽም። ትኬት ልቆርጥ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «መቼ ይሄዳሉ?» አለችኝ። እኔ የታየኝ የቤታችን በር ነው። ሳንኳኳ እታለም ከውስጥ «ግባ፣ ክፍት ነው!» ትል ነበር፤ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ። አሁን ሳንኳኳ የምትከፍችልኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ከከፈትሽልኝ አለቀ፤ እውነት ሆነ ማለት ነው። «ይቅርታ፣ ቦርሳዬን ረስቼ ነው» ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ። ቦርሳዬ በእጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጽፍልሽ አፈርኩ።

ጣሳው ሳይነካ እስከተቀመጠ ድረስ፣ እታለም ሥራ ጀምራ ለአፍታ ወጣ ያለች ይመስለኝ ነበር። ስትመለስ ትቀጥላለች። ይህን ሐሳብ ይዤ ስንት ጠዋት እንደተነሳሁ አልነግርሽም። ለእሱ ብዬ ዘሯን ገደልኩት። እሷ የደከመችበትን ዓመት ሁሉ እኔ በአንድ «አይሆንም» ጨረስኩት። ጎረቤቶቹንም ማሳቸው ዳር ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።

ራዲዮን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ለሁሉም ታዳርስልኝ፤ በዚህ የሚያህላት የለም።

የቀረውን ጣይው። እንዳላየው።

አጎትሽ


ጥቅምት 9

ለውድ ጋሼ፣

ልብዎን ያጽናልዎ። ለእኛም እንዲሁ።

አልጣልኩትም። ሳልነግርዎ የማልቀረው ነገር አለ። አምና መደቧን ቆፍሬ፣ ባልዲዬን ምንጩ አጠገብ አስቀምጬ መልስዎን ስጠብቅ ከረምኩ። «አይሆንም» የሚለው ሲመጣ ጋሼ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ላይ ላዩን ተቆጣሁብዎት እንጂ ውስጤን ደስ ብሎት ነበር። ክዳኑን ስከፍት እማዬ የምትሸተኝ ይመስለኝ ነበር፤ ከዘራኋት ምን ይቀረኛል እያልኩ እፈራ ነበር። ባልፈልግ ኖሮ እርስዎ በዚያ ርቀት ሆነው እጄን ይይዙታል? ከአልጋዬ ሥር እኮ ነበረች። ይህን ብቻዎን አይሸከሙት። ሁለታችንም ነን።

ዘር ባትሆንም እህል ናት። የቀረችውን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ቆላኋት። መጀመሪያ የከረመ ዘይት ሸተተኝና ልቤ ወረደ። ቡናማ እየሆነች ስትሄድ ግን እንደ ተቆላ ለውዝ ሸተተች፤ ባለቤቴ መጋዙን ጥሎ መጣ። ፈጭቼ ለሁለት ከፈልኩት።

ከእኛ ድርሻ ራዲዮን ጠርቼ አብረን ጠጣን። መልእክትዎን ነገርኳት። አለቀሰች። «ለሁሉም አዳርሳለሁ» ብላ ወጣች፤ እስካሁን ግን ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረችም። እዚህ ቤት መምጣት ጀምራለች። ለክረምቱ ከሌላ ቦታ ቶሎ የሚደርስ ዘር አለ ብላ ሰምታለች፤ አብረን ሄደን እንጠይቃለን። እሱ ችኩሏ አይሆንም። ግን ዝናብ ሳይቆም ከደረሰልን ይበቃናል። ቀይ ክር አለኝ።

የእርስዎ ድርሻ ከዚህ ጋር ነው። ሦስት ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡና የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይጨምሩት። ካላማሰሉት ይጓጉላል፤ ዞር ካሉበት ይገነፍላል፤ አረፋው ኃይለኛ ነው። ደህና አድርጎ ይንተክተክ። ስኳር ከወደዱ ስኳር።

አውቅዎታለሁ፤ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጡት ነው። አያስቀምጡት። ይጠጡት።

ድንቢጥ


ጥር 6

ለድንቢጥ፣

እጅሽ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ።

እሽጉ ደረሰ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ከፍታ አሸተተችውና «ምንድነው?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በቋንቋቸው ስከራከር ኖሬ ቃል ጠፋኝ። «የእህቴ ነው» አልኳት። አሳለፈችኝ።

መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ምን ላድርግ፣ እንዳልሽው ነኝ። እያየሁት ስወጣ ስገባ ሰነበትኩ። ትናንት ሹፌሩ ስኳር ሲፈልግ አንስቶ ሊከፍተው ሲል ጮህኩበት። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። «ምን አደረግኩህ?» አለኝ። እህቴ ሞታለች አልኩት። ድንቢጥ፣ ይህን ቃል በእነሱም ቋንቋ ሆነ በእኛ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ሰውየው አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ ይኖራል፤ እህት እንዳለችኝ ያውቃል፤ ያለችኝ ይመስለው ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ድስት ጣድኩ። እያማሰልኩ ሳለ ዓይኔ እንባ ሞላና ገነፈለብኝ፤ ምድጃውን ሁሉ አጠበው። የተረፈውን ለሁለት ተካፍለን ጠጣነው። እሱ «ጥሩ ነው» አለ። እኔ እየጠጣሁ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አፈላሁ። ነገም አፈላለሁ፤ እስኪያልቅ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ዘርም አይደለም፣ ሌላም አይደለም። እንዴት ሞተች? ብዙ አመማት? ማን ነበር እጇን የያዘው? እኔን ጠርታኛለች? ካልጠራችኝ «አልጠራችህም» ብለሽ ጻፊልኝ፤ አትደብቂኝ። የት እንዳሳረፋችኋትም ንገሪኝ፤ መንገዱን፣ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ። ሁሉንም ጻፊልኝ። ተቀምጬ አነባለሁ።

አጎትሽ